መላሽ ቁጥር ሰባት

ሌላው ስደተኛ ከአገሩ የወጣበትን ሌሊት ያወራል፤ እኔ የወጣሁት ግን በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከዙሁር ሰላት በኋላ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል። ከቆቦ የመጣው ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀኛል። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ ሊያደርግልኝ እጁን ዘርግቷል። ልክ «አሚን» ልንል ስንል ከማሳው በኩል «ውሃ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ በቃ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ወንዱ አካፋውን አንስቶ ሮጠ፣ ሴቱ ልጁን አዝሎ ተከተለ፣ እኔና ሻንጣዬ ግቢው መሃል ቀረን።

ቆቦን የማያውቅ ሰው ሊያነበኝ ስለሚችል ነገሩን ላስረዳ። የእኛ ሜዳ ዝናብ አይበቃውም። የምንኖረው በምዕራብ በኩል ካሉት ተራሮች በሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደፍርሶ እያጓራ ይመጣል። ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ በቦይ ይመራውና በየተራው ማሳውን ያጠጣል። ጎርፉ ቢቆይ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው፤ ያመለጠው ሰው ያን ዓመት ማሽላ አያይም። ታዲያ ተራ የሚጠራ፣ ጠብ የሚያበርድ፣ ቦዩ ሲፈርስ ሰው የሚያስወጣ አንድ ሽማግሌ ይመረጣል፣ የውሃ አባት ይባላል። የእኛ መንደር የውሃ አባት አባቴ ነበሩ።

ስለዚህ አባቴ ልጃቸውን ለመሸኘት አልቆሙም። አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ዞር አሉና «በል፣ አላህ ያግዝህ፣ ተማር» ብለውኝ ሄዱ። ባጃጁ ድረስ የሸኘችኝ ታላቅ እህቴ ሉባባ ብቻ ናት፤ የእሷም ዓይን ግማሹ እኔ ላይ ግማሹ ቦዩ ላይ ነበር። በሶ የቋጠረችበትን ፌስታል ሻንጣዬ ውስጥ ጠቅጥቃ ሁለት ጊዜ ሳመችኝ።

«ሂድ በቃ ወንድምዓለም፣ እኔም ልሩጥ» አለችኝ። «የታችኛው ቦይ አፉ አልተከፈተም።»

ተቀይሜ ነው የሄድኩት። አልዋሻችሁም። እስከ ወልድያ ድረስ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየሁ፣ ለዶክትሬት ትምህርት አውሮፓ የሚሄድ ልጅ በጎርፍ ተበለጠ እያልኩ ነበር።

ሆላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ጉምሩኩ ሻንጣዬን ከፍቶ መጀመሪያ ያወጣው የሉባባን ፌስታል ነው።

«ይህ ዱቄት ምንድን ነው?»

«በሶ።»

«በሶ ምንድን ነው?»

«ገብስ ነው፤ ተቆልቶ የተፈጨ።»

«ለምን ይጠቅማል?»

ምን ልበለው? «ለመንገድ» አልኩት።

«መንገዱ እኮ አለቀ» አለኝ።

ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን አላወቅኩም። አንድ እፍኝ ደረቁን ቃም አደረግኩለት፤ አፌ በዱቄት ተሞልቶ ሳል ሲያጣድፈኝ እሱም ሳቀና አሳለፈኝ። ሆላንድ ከገባሁ የመጀመሪያው ሳቅ ይኸው ነው፣ ሁለተኛው ብዙ ቆየ።

እዚህ አገር አፍስፕራክ የሚሉት ነገር አለ፤ ቀጠሮ ማለት ነው። ያለ አፍስፕራክ ሰው አይታመምም፣ ጓደኛውን አይጠይቅም፣ ፀጉሩን አይቆረጥም። ኼሜንተ ለሚባለው ማዘጋጃ ቤታቸው ሦስት ሳምንት ጠብቄ ስቀርብ አንዲት ወጣት ሠራተኛ የቤተሰብ ስሜን ጠየቀችኝ። የለንም አልኳት። ሁሉም ሰው አለው አለችኝ። እኛ ያለን የአባት ስም ነው ብላት «እንግዲያው እሱ ነው» ብላ መዘገበችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰይድ የሚለኝ ጠፋ፤ ባንኩም፣ ሐኪሙም፣ ትምህርት ቤቱም «ሚስተር እንድሪስ» ይለኛል። ለአባቴ በስልክ ስነግራቸው ሳቁ።

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሆላንድ ይጠሩኛል በለኛ!»

በስልክ ያን ያህል ረጅም ነገር ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። አባቴ ስልክ አይወዱም። «ደኅና ነህ? እኛ ደኅና ነን። በል እንካት እህትህን» ይሉና ይሰጧታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያታለለኝ ይኸው ጠባያቸው ነው።

የተከራየሁት ኮርኔሊያ ከሚባሉ አንዲት ባልቴት ቤት ሰገነት ላይ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ለእንቁላል መቀቀያ የሚሆን ትንሽ ሰዓት ሰቅለዋል፤ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ውሃ። እኛ ዘንድም ውሃ በተራ ነው ስላቸው «ጎበዝ ሕዝብ ናችሁ» አሉኝ። በርበሬ ሳቁላላ ግን መጋረጃቸው ላይ ጠረን ገባ ብለው ሦስት ቀን አኮረፉኝ። ምሳቸው ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። የተማረ ሰው፣ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው፣ ዳቦ ላይ የቸኮሌት ፍርፋሪ ነስንሶ እንደ ሕፃን ሲበላ ታያላችሁ። እኔ ደግሞ ጥቅምት ሲመጣ የማሽላ እሸት በፍም ተጠብሶ እጄን ሲያቃጥለኝ፣ ጥንቅሽ ስመጥ አገጬ ላይ ሲወርድ እያሰብኩ በዝናብ ብስክሌት እነዳለሁ። ዝናቡ ደግሞ ዝናብ አይባልም፤ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል እንጂ አይዘንብም። አገሩ ከባሕር በታች ስለሆነ ሌት ተቀን በፓምፕ ውሃ ያስወጣሉ። እኛ ና ስንለው እነሱ ሂድ ይሉታል።

የተማርኩት በመስታወት በተሠራ ትልቅ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሰው የሚለካው ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ጆርናሎቹ እንደ ሆቴል ኮከብ አላቸው፤ መግቢያው አዳራሽ ላይ ደግሞ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ በዚያ ወር ጥናቱ የታተመለትን ሰው ስም ሲያሽከረክር ይውላል። ሰዎቹ በሩን ገፍተው ሲገቡ መጀመሪያ ቀና ብለው ስክሪኑን ያያሉ፤ ከዚያ ነው ደኅና አደርክ የሚሉት። የእኔ ዶክትሬት ሦስት ጽሑፍ ነው። ከሦስቱ አንዱ ደኅና ኮከብ ባለው ጆርናል ካልታተመ መመረቅ የለም፤ ካልተመረቅኩ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴ ያበቃል፣ አራት ዓመቴም እንዲሁ ሜዳ ላይ ይቀራል። ርዕሴ «ያለ ወረቀት የሚጸና ውል» የሚል ነበር። ቢዝነስ ሰዎች ውል ይወዳሉ፤ እኔም አንድ መንደር ሙሉ አንድ መስመር ሳይጽፍ፣ ሳይፈራረም፣ የሁለት ሰዓት ጎርፍ እንዴት ተካፍሎ እንደሚኖር ላሳያቸው ፈለግኩ። ሂልደ የምትባለው አማካሪዬ ርዕሱን ስትሰማ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

በሁለተኛው ዓመት መረጃ ልሰበስብ አገር ቤት ገባሁ። ሃያ ሦስት የውሃ አባቶችንና ባለ መሬቶችን ጠየቅኩ፤ አባቴ ሰባተኛው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ሰው ሁሉ የሚፈርመው የስምምነት ፎርም አለ። ለአባቴ አነበብኩላቸው።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ስምዎ እንደማይጠቀስ፣ ማንነትዎ እንደሚደበቅ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«አጥፍተው አይደለም አባ። ደንቡ ነው፣ ለአንቱ ደኅንነት ነው።»

«ስሙን ደብቆ የሚናገር ሰው ነገሩ ውሸት ነው። እኔ እንድሪስ ብዬ ነው የምናገር።»

ብዙ ለመንኳቸው። ላንተ ስል ብለው አሻራቸውን አተሙ፤ እኔም መላሽ ቁጥር ሰባት ብዬ ጻፍኳቸው። ከዚያ መቅረጫውን ከፍቼ ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተ አታውቅም?»

«አውቃለሁ አባ፤ ግን አንቱ ሲናገሩት ነው መረጃ የሚሆነው።»

«ኸምታውቀው ምን ትጠይቀኛለህ? ሆላንድ የወሰዱህ ይኸን ሊያስረሱህ ነው?»

ሉባባ በሩ ጋ ቆማ ትሰማ ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አባታችን ቤት ነው የምትኖረው፤ ቦይ ሲቆፈር አትቀርም፣ አካፋ ይዛ ከወንዱ እኩል ትውላለች። «አባ፣ የታችኞቹ ቀድመው ያጠጡበት ጊዜም አለኮ፣ ቦዩ የተናደ ጊዜ» አለች ከበሩ ላይ።

«እታለም፣ እባክሽ አትግቢበት» አልኳት። «ናሙናው ውስጥ የለሽም።»

«ምኑ ውስጥ?»

«ናሙናው። የሚጠየቁት ሰዎች ዝርዝር።»

«እሺ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከሃያ ሦስቱ መላሾቼ አንዲትም ሴት አልነበረችም፤ ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በዚያ ጉዞ ነው። ሆላንድ ከተመለስኩ በኋላ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፤ የሆነውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ወር፣ ሁለት ወር የማንም ድምፅ አልሰማም። መንገዱ ገርበብ ሲልላት ሉባባ ወልድያ አክስታችን ዘንድ ወጥታ ትደውልልኛለች። አባስ እላታለሁ። ደኅና ናቸው፣ ከብቶቹ ጋ ናቸው፣ ጎብዬ ለቅሶ ሄደዋል ትለኛለች። ወልድያ ድረስ ሽማግሌ ይዛ እንደማትመጣ ስለማውቅ አልከራከራትም። ደግሞስ ቢመጡ ከሦስት ቃል በላይ አይናገሩኝ። አባቴ ስልክ ላይ ያልነበሩ ሰው ናቸው፤ ሲጠፉም አልጎደሉብኝም።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ዋናው ጽሑፌ ከጆርናሉ አስተያየት ይዞ ተመለሰ። ጽሑፍ የሚገመግሙት ስማቸው የማይታወቅ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አመሰገነኝ። ሁለተኛው ገምጋሚ እንዲህ አለ፦ «መላሽ ቁጥር ሰባት ስለ ተራ የሚሰጠው መልስ ጎደሎ ነው። ባለተራው በሐዘን ምክንያት ሳይገኝ ቢቀር ውሃው ለማን ይሰጣል? ይህ ካልተመለሰ ጽሑፉ እንዲታተም አልደግፍም።» የሰጡኝ ጊዜ ሁለት ወር ነው። ጥያቄውን በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም ለሉባባ ላክኩ፤ ለአባ አሰሚልኝ፣ የሚሉትን ቃል በቃል ንገሪኝ፣ እንደምታይው ዕድሜዬ በሙሉ እዚች ላይ ነው የተንጠለጠለ አልኳት። ከዚያ ጠበቅኩ። በየሰዓቱ ስልኬን አያለሁ። መልእክቱ እንኳን ሊሰማ፣ አልደረሰም።

ጥቅምት ላይ መልሱ መጣ። የሉባባ ድምፅ ዝግ ያለ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም ወንድምዓለም። አባ እንዲህ ብለዋል። ባለተራው ለቅሶ ቤት ኸሆነ ተራው አይዘለልም። ቅሬው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ቀብር ይወጣል፣ ግማሹ አካፋ ይዞ የሟቹን ማሳ ያጠጣል። ውሃ የሚጠራ ለመሬቱ ነው እንጂ ለሰውየው አይደለም ብለዋል። ሰውየው ይሄዳል፤ መሬቱ እዛው ነው፣ ጠምቶታል ብለዋል።»

ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። መልሱን ሰምቼ ከወንበሬ ተነሳሁ። አባቴ ይህን ሁሉ ተናገሩ! በመጨረሻ ምርምር ምን እንደሆነ ገባቸው አልኩ። ቃሉን ተርጉሜ አስገባሁት፣ ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ። ሂልደ ያቺን ዐረፍተ ነገር በሴሚናር ላይ ጮክ ብላ አነበበቻት፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በጋዜጣቸው ላይ አወጧት፤ ኬክ ተቆረሰ። ስክሪኑ ላይ «እንድሪስ» የሚለው ስም ሲዞር ፎቶ አንስቼ ለአባቴ አሳዪልኝ ብዬ ለሉባባ ላክኩላት። «ማሻአላህ» ብላ መለሰች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ዶክትሬቴን ተከላክዬ አለፍኩ። ዲፕሎማው በወሩ በሥነ ሥርዓት ይሰጣል ተባልኩ። በዚያው ሳምንት እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ኑሩ ናቸው፤ የደሴ ሰው፣ እዚህ ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣ የሁላችን ታላቅ። ከኋላቸው ስድስት ሰው ደረጃው ላይ ተደርድሯል። ለእንኳን ደስ ያለህ የመጡ መስሎኝ ወንበር ፍለጋ ተሯሯጥኩ። ሴቶቹ ግን አይቀመጡም፣ አይስቁም። ያገኘሁትን ወንበር እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ቁጭ በል ሰይድ» አሉኝ ጋሽ ኑሩ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አባትህ ወደማይቀረው ሄደዋል። አላህ ጀነት ይወፍቃቸው።»

«መቼ?»

ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

«መቼ ነው?»

«ዓመት ከሁለት ወር ሆናቸው» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «እህትህ ናት አትንገሩት ያለች። ትምህርቱን ይጨርስ አለች።»

የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። መርዶ በሰዓቱ አይነገርም። ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ መንገድ ላይ ነው ይባላል፤ ይደበቃል፣ ይቆያል። እኔ ራሴ ለሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ፤ ቸርነት ነው ብዬ አምኜ። በእኔ ሲደርስ ግን እነዚህ ሰዎች ዓመት ሙሉ በሰሐናቸው ሲያበሉኝ፣ በዒድ ሲያቅፉኝ፣ አባቴን ሳነሳ ፊታቸውን ሲያዞሩ ትዝ አለኝና ጮህኩ። መሬት ላይ ወድቄ ነው የጮህኩት። ኮርኔሊያ ከታች ወጥተው በሩን አንኳኩ። «ዛሬ እሑድ ነው፣ ጎረቤት ይተኛል» አሉ። ጋሽ ኑሩ በሆላንድኛ አስረዷቸው። ኮርኔሊያ «መቼ ሞቱ?» ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ዛሬ ለምን ያለቅሳል?» አሉ። ቆይተው ግን ሻይ በትሪ ይዘው ወጡ፣ ከሴቶቹም ጋር እስኪመሽ አብረው ተቀመጡ።

ማክሰኞ ዕለት ነው የቀኑን ቁጥር ያሰብኩት። ዓመት ከሁለት ወር ማለት ነሐሴ ነው። ሁለተኛው ገምጋሚ የጠየቀኝ መስከረም፣ መልሱ የመጣልኝ ጥቅምት። ሉባባ ያን ሳምንት ወልድያ ነበረች፤ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ጥያቄዬን ማን መለሰው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ጥያቄህ ሲደርሰኝ ኸቀበርናቸው ሁለት ወር ሆኗል። ሞተዋል ብዬ ብልክ ጥለህ ትመጣለህ፤ መንገዱ ዝግ ነው፣ መንገድ ትቀራለህ። ዝም ብልህ ደግሞ ያባርሩሃል፤ ዕድሜዬ በሙሉ እዚች ላይ ነው ያልኸኝ አንተ አይደለህም? ምን ላርግ? የማውቀውን ነገርሁህ።»

የድምፅ መልእክቷን እንደገና ከፍቼ ሰማሁት። እኔ የጠየቅኩት ስለ ሐዘንተኛ ማሳ ነበር። እሷ የመለሰችው «የሟቹን ማሳ» ብላ ነው። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ ተርጉሜ፣ በአራት ሰው አስነብቤ፣ አንድም ቀን አላየኋትም። ለካ ደንብ አልነበረም የነገረችኝ፤ የአባታችንን ቀብር ነው።

ለማንም ባልናገር ማንም አያውቅም ነበር። ዲፕሎማዬን እቀበላለሁ፣ ስክሪኑም ሌላ ስም ያዞራል። ጋሽ ኑሩም «ተወው ልጄ፣ ማንን ጎዳ?» አሉኝ። ግን አባቴ ስሜ ይጻፍ ሲሉ ስማቸውን ከልክዬ፣ ያላሉትን ደግሞ አሉ ብዬ በመጽሐፍ ላኖር? የሙት ቃል ነው፤ አስመስለው የሚያልፉት ነገር አይደለም። ሄጄ ለሂልደ ነገርኳት። ጽሑፌን አውጥታ ያቺን ዐረፍተ ነገር ፈለገቻት።

«የእህትህ መልስ ስህተት ነበረው?»

«አልነበረውም። ከእኔ ሦስት ጽሑፍ እሷ የነገረችኝ ይበልጣል።»

«ታዲያ?»

«አባቴ አልነበሩም።»

ወደ ምርምር ሥነ ምግባር ቢሮ ላከችኝ፣ ያውም በአፍስፕራክ። አንድ ቀጭን ሰውዬ ፎርም ይዞ ጠበቀኝ።

«መላሽ ቁጥር ሰባት ከጥናቱ ወጥቷል?»

«ሞተዋል።»

«በራሱ ፈቃድ አልወጣም ማለት ነው።»

«በራሳቸው ፈቃድ አይደለም።»

«የሞት የምስክር ወረቀት አለህ?»

«የለኝም። ቀበሌው ዝግ ነው።»

«ሞቱን የሚያረጋግጥ ምስክር ይኖራል?»

«መንደሩ በሙሉ ቀብሯቸዋል።»

«ሁለት ይበቃል» አለኝ።

ውሳኔያቸው በሳምንቱ መጣ። ጆርናሉ እርማት ያትማል። እህቴ ራሷን ችላ መላሽ ሆና በሥርዓቱ ልትጠየቅ ይገባል። ያ ሳይሆን ዲፕሎማዬ አይሰጥም። የመኖሪያ ፈቃዴን ጉዳይ ሌላ ቢሮ ነው የሚያየው፤ ይህን ስጽፍላችሁም መልስ አልመጣም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሉባባ ወልድያ ወጣች። መቅረጫዬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ደወልኩላት፣ ፎርሙን በአማርኛ አነበብኩላት።

«ስምሽ አይጠቀስም። መላሽ ቁጥር ሃያ አራት ነሽ።»

«ይሁን።»

«በፈለግሽ ጊዜ ማቋረጥ ትችያለሽ።»

«አንተስ? አንተም ትችላለህ?» አለችኝ።

ፎርሙን ገለበጥኩ። ባለተራው በሐዘን ምክንያት ሳይገኝ ቢቀር ውሃው ለማን እንደሚሰጥ ጠየቅኳት። በጥናት ደንብ መላሹ ሲናገር ጠያቂው አያቋርጥም፤ ጥርሴን ነክሼ ሰማኋት።

«ሱብሒ ሰግደው ነው ያረፉ። ገና እየታጠቡ ሳለ ውሃ መጣ ተባለ። ተራ የሚጠራ እሳቸው ነበሩ፣ እሳቸው የሉም። ወንዱ ሁሉ ቁሞ ተያየ። ወላሂ ማን እንዳስወጣኝ እንጃ፤ እኔ ወጣሁ። ሴት እንደሁ ቀብር አትወጣ። አካፋቸውን ያዝሁና ተራ ጠራሁ። ‹አንቺ ማን ነሽ› ያለኝ የለም። ቅሬው ለሁለት ተከፈለ። የኛ ማሳ አራተኛ ነበር። ጀናዛው ሲያልፍ እኔ ቦዩ ውስጥ ነኝ፣ ጭቃው ኸጉልበቴ ደርሷል። ቀና ብዬ አየኋቸው፣ ኋላ አጎነበስሁ፤ አፉ ሊናድ ነበራ። ማሽላው ያን ዓመት ደኅና ያዘ። አለህ?»

«አለሁ።»

«ተራ የምጠራ አሁንም እኔው ነኝ። ይኸንንም ጻፈው።»

ጻፍኩት። ከዚያ አመስግኜ መቅረጫውን ዘጋሁ። ፎርሙ ላይ ያሉት ጥያቄዎች አልቀዋል። ስልኩን ግን አልዘጋሁትም፤ እሷም አልዘጋችውም። ከኋላዋ የወልድያ መኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«እታለም» አልኳት፣ «አባ ከማረፋቸው በፊት እኔን ጠርተው ነበር?»

«ጠርተውሃል» አለችኝ፣ ወዲያው።

«ምን ብለው?»

«‹ልጄ ትምህርቱን ጨረሰ ወይ፣ ናፈቀኝ፣ ሳልሸኘው ሄደ፣ አውፍ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ በሉት› ብለዋል።»

አባቴ በሕይወታቸው ይህን ያህል ቃል አከታትለው አልነገሩኝም። ናፈቀኝ ሲሉም ሰምቻቸው አላውቅም። እህቴ ደግሞ መልስ ሲያስፈልገኝ ምን እንደምታደርግ አሁን አውቃለሁ።

«እውነትሽን ነው?» አልኳት።

«ሌላ ጥያቄ አለህ?» አለችኝ።

«የለኝም» አልኳት።